በጤና ጣቢያ ሕክምና፣ በቤት ወንጀል፦ ፅንስ የሚያቋርጠው ኪኒንና የዋግ ሴቶች

ሁለት የ16 ዓመት ልጃገረዶችን እናስብ። ሁለቱም በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ዞን የዝቋላ ወረዳ ገጠር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ተደፍረው አርግዘዋል። አንዷን እናቷ ይዛት የዞኑ ዋና ከተማ ሰቆጣ ደረሰች፤ አዋላጅ ነርሷ አነጋግራትና መርምራት ፅንሱን የሚያቋርጠውን ኪኒን ሰጠቻት። ሌላዋ ለመሳፈሪያ የሚሆን ብር አላገኘችም፤ ከቤት የምትወጣበት ሰበብም አልነበራትም። ያንኑ ኪኒን የአክስቷ ልጅ ከከተማ መድኃኒት ቤት ገዝታ አመጣችላትና እቤቷ ዋጠችው። የመጀመሪያዋ በሕጉ ዓይን ታካሚ ናት። ሁለተኛዋ ወንጀል ሠርታለች፤ የአክስቷ ልጅም ተባባሪዋ ናት።

ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 545 ፅንስን አውቆ ማቋረጥ በየትኛውም ደረጃና በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም የሚያስቀጣ መሆኑን በመርህ ያስቀምጣል። አንቀጽ 546 የራሷን ፅንስ ያቋረጠችውን ሴት በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ማቋረጫውን ያቀረበላትን ወይም የረዳትን ሰውም እንዲሁ። አንቀጽ 547 ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያቋርጥላት የፈቀደችውን ይጨምራል። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ነው።

በሩ የሚከፈተው በአንቀጽ 551 ነው። እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋር ከተደረገ ግንኙነት የመጣ እንደሆነ፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ወይም የልጁን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል እንደሆነ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት፣ ወይም ሴትየዋ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት አለዚያም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነ ማቋረጡ አያስቀጣም። ምክንያቶቹ ሰፊ ናቸው፤ ከአፍሪካ ሕጎች መካከልም ይህ ሕግ ከለዘብተኞቹ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ አራቱም የሚሠሩት ማቋረጡ እውቅና ባለው የሕክምና ተቋም ከተፈጸመ ነው። ስለዚህ የሁለተኛዋ ልጅ መደፈር ለሕጉ በቂ አይደለም፤ ተቋም ደጃፍ ላይ መድረስ ነበረባት። አዲስ አበባ ላይ የታክሲ መንገድ የሆነው ደጃፍ ዋግ ኽምራ ላይ የእግር ጉዞ፣ የወጪና የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ሕጉ እዚህ እንዴት እንደደረሰ ማስታወስ ይገባል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የሴቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ከባድና ዘላቂ አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነበር። ያን ሕግ ፈርቶ የተወ ሰው ይኖር ይሆናል፤ የሆስፒታል አልጋዎች ግን የሚመሰክሩት ሌላ ነው። እንዶድና ኮሶ ከመጠን በላይ የጠጡ፣ ሽቦና የሽንት ቱቦ ማሕፀናቸው ውስጥ የገባባቸው፣ አንቲባዮቲክ በእፍኝ የዋጡ ሴቶች ዎርዱን ይሞሉት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 871 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ፤ ደህንነቱ ያልተጠበቀ ውርጃም ከዋና ዋናዎቹ ገዳዮች አንዱ ነበር። ሕጉ ሲሻሻል የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ማኅበርና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራከሩ፤ የሃይማኖት ተቋማት ተቃወሙ። ውጤቱ ሁለቱንም ወገን ያቻቻለ ነበር፦ ማቋረጥ ወንጀል ሆኖ ይቀጥል፣ ልዩ ሁኔታዎቹ ግን ይስፉ።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ የሕጉን በር ይበልጥ ከፈተው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 552 መሠረት ተደፍሬ ነው ያረገዝኩት ያለች ሴት ቃሏ በቂ ማስረጃ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት አትጠየቅም፣ ደፋሪዋንም እንድትጠራ አትገደድም። ዕድሜዬ ከ18 በታች ነው ያለችም የልደት ማስረጃ አታቀርብም። ነርስና አዋላጅ ነርስ ሠልጥነው አገልግሎቱን እንዲሰጡ ተፈቀደ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዚህች አገር ሐኪም ባልደረሰበት ወረዳ ሕይወት ያተረፉት እነዚህ ሁለት ባለሙያዎች ናቸውና። በ2008 ዓ.ም. ጥናት የእናቶች ሞት ግምት ወደ 412 ወርዶ ነበር። ለቅነሳው ብዙ ምክንያት ቢኖረውም የዚህ መመሪያ ድርሻ ትንሽ አይደለም።

ታዲያ ሴቶች በእርግጥ ይከሰሳሉ? አልፎ አልፎ እንጂ ብዙም አይከሰሱም። ኢትዮጵያ ውስጥ የራሷን ፅንስ በማቋረጧ ችሎት የቆመች ሴት ብርቅ ናት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ አልቋል ብሎ ይተወዋል፤ ለእኔ ግን ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ግምት በዓመት 620,300 ያህል ፅንስ ተቋርጧል፤ ከዚህ ውስጥ በጤና ተቋም የተፈጸመው 53 በመቶ ነው። የቀረው ወደ 290 ሺህ የሚጠጋው ከተቋም ውጪ ነው። አንቀጽ 546 እንደ ቃሉ ቢሠራ በአንድ ዓመት ይህን ያህል ሴት፣ ከነረዳቶቿ፣ ወህኒ ይወርዳል። የሚችል ወህኒም የሚፈልግ ዐቃቤ ሕግም የለም። ሕጉ ሁሉን ወንጀለኛ ብሎ ማንንም ካልከሰሰ፣ ከመቶ ሺዎቹ መካከል አንዷን መርጦ የሚከሰው ማን ነው?

መልሱ በሌሎች አገሮች ተጠንቷል። በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ራሳቸው ፅንስ አቋረጡ ወይም ሌላውን ረዱ ተብለው የተመረመሩ ወይም የተያዙ ሰዎች 61 ጉዳዮች ተሰብስበው ነበር፤ ከአሥሩ አራት ያህሉን ለፖሊስ የጠቆሙት የጤና ባለሙያዎች ናቸው። ቀጥሎ የመጡት የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው፦ ጓደኛ፣ ወላጅ፣ የተለያዩት ፍቅረኛ። ብልሃት ያለው መርማሪ ደርሶበት የተገለጠ ጉዳይ ጥቂት ነው። ወንጀሉ የሚገለጠው ደም እየፈሰሳት ለእርዳታ የመጣች ሴት እውነቱን ስትናገር ነው።

ይህ ነገር ለእኛም አገር ትልቅ ትርጉም አለው። ፅንስ የሚያቋርጠውን፣ ሚሶፕሮስቶል የተባለውን ኪኒን የወሰደች ሴት ደም መፍሰስና በተፈጥሮ ያስወረዳት ሴት ደም መፍሰስ በምርመራ አልጋ ላይ አንድ ናቸው፤ የሚሰጠውም ሕክምና አንድ ነው። በወረዳ ጤና ጣቢያ ኪኒኑን በደም የሚለይ ምርመራ የለም። እንግዲህ ክሱ የሚቆመው በሴቲቱ አፍ ላይ ነው። ዋሽታ «ወድቄ ነው» ያለችው ታክማ ትሄዳለች፤ «ኪኒን ውጬ ነው» ብላ ለሐኪሟ የሚያስፈልገውን እውነት የነገረችው ተጋልጣለች። ሐኪሙን እንድትዋሽ የሚያስተምር ሕግ ሐኪሙን ያሳውረዋል፤ መቼ እንደወሰደች፣ ስንት እንደወሰደች፣ ከየት እንደገዛችው የማያውቅ ባለሙያ ደም መፍሰሱን በግምት ነው የሚያክመው።

በዚህ ላይ ሕጋችን ራሱ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ አብዛኛው ባለሙያ ግን የሚያውቀው አይመስልም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ አዋላጅና ነርስ የሚቀጣበት ነው። አንቀጽ 443 ደግሞ ወንጀልን ባለማሳወቅ የሚያስቀጣው ድርጊቱ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው፤ ፅንስ ማቋረጥ እዚያ ደረጃ አይደርስም። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ ትርጉማቸው ግልጽ ነው፦ ደም እየፈሰሳት የመጣችን ሴት ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ የለም፣ ማሳወቁ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ይህ በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሆነ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ለእያንዳንዱ ተረኛ በጽሑፍ ሊሰጥ የሚገባ ነገር ነው። የጥበቃ ሠራተኛውና የካርድ ክፍሉ ሰውም መረሳት የለባቸውም። በካርድ ክፍል መስኮት ፊት ወረፋ ቆማ «ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?» ተብላ ጮክ ተብሎ የተጠየቀች ልጅ፣ ከኋላዋ የመንደሯ ሰው ቆሞ፣ ምን ብላ ትመልስ?

አሁን ወደ ሕጉ ትልቁ እንቆቅልሽ ልምጣ፤ አንቀጽ 550 ማለቴ ነው። ፅንሱ የተቋረጠው በከፋ ድህነት ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላል ይላል። የሕጉ አርቃቂዎች ይህን ሲጽፉ ደግ መስሏቸው ነው፤ የድሃዪቱን ጭንቅ ማየታቸውም አይካድም። ግን ምን ማለት እንደሆነ ዋግ ላይ ቆሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ዋግ ኽምራ የተከዜ ተፋሰስ ገደላማ ምድር ነው፤ በአፈሩ መራቆት፣ በዝናቡ መቆራረጥ፣ በሴፍቲኔት ተረጂዎቹ ዝርዝር ርዝመት የሚታወቅ ዞን ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም ቃል ሲገባ ቃል ኪዳኑን በሰቆጣ ስም መጥራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስተኛ ልጇን ያረገዘች፣ አምስተኛው ገና ጡት ያልጣለባት፣ ድርቅ ፍየሎቿን የጨረሰባት የሳህላ ወረዳ እናት ጤና ጣቢያ ገብታ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ልጅ የማበላው የለኝም» ብትል፣ የሰማቻት ነርስ ሕጉን ስታስብ ምን ትላታለች? ድህነት የተፈቀደ ምክንያት አይደለም፤ ድህነት ዋጋ የሚኖረው ከተከሰሰች በኋላ፣ ዳኛ ፊት፣ ቅጣት ሲቀነስላት ነው። ስለዚህ እውነቷን የተናገረች ተመላሽ ትሆናለች፤ ብልህ ጎረቤት ያላት ደግሞ «ተደፍሬ ነው በይ» ተብላ ትገባለች። በዚህም የእውነተኛዋ ተደፋሪ ቃል ይረክሳል፤ ነርሷም በልቧ እየጠረጠረች ትፈርማለች።

በዚህ ላይ ጦርነቱ አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ዋግን ተረማምዶበት አልፏል። ከአበርገሌና ከፃግብጂ ወረዳዎች የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣና ዝቋላ ላይ ከረመ፤ በአማራ ክልል ጦርነቱ ባረፈባቸው ቦታዎች ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ መድኃኒት ቤታቸው ባዶ ቀረ። በዚያው ጦርነት ሴቶች በየቦታው ተደፍረዋል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከነፋስ መውጫ የዘገበው ከብዙው አንዱ ነው። ሕጉ ለእነዚህ ሴቶች ቃላችሁ በቂ ነው ብሎ ነበር። ቃሉን የሚቀበለው ተቋም ግን አልጋና ኪኒን አልነበረውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱን ይዘጋል፣ ኔትወርኩን ይቆርጣል፣ አምቡላንሱን ያቆማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሴት ኪኒኑን እቤቷ ብትወስድ ምርጫ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሌላው በር ተዘግቶባት ነው።

ስለ ኪኒኑ ራሱም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ፍርሃት ካለማወቅ ይመጣልና። ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። ሚፈፕሪስቶን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ሚሶፕሮስቶል ደግሞ መጀመሪያ የጨጓራ ቁስል መድኃኒት ነበር። የብራዚል ሴቶች ናቸው ሁለተኛው ማሕፀንን እንደሚያኮማትር በ1980ዎቹ በራሳቸው የተረዱት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱን በአንድነት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ሚሶፕሮስቶል ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆምም ስለሚሰጥ ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ ሊጠፋ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በትክክል ከተወሰዱ ከመቶው ከዘጠና አምስት በላይ ይሳካሉ፣ ከሽቦና ከእንዶድ ጋር የሚወዳደሩም አይደሉም። አደጋው የሚመጣው ሲዘገይ፣ መጠኑ ሳይታወቅ ሲወሰድ፣ ኪኒኑ ጊዜው ያለፈበት ወይም የሐሰት ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደሙ አላቆም ሲል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ሲያስፈራ ነው። በሰዓት ሁለት ሞዴስ ሙሉ ለሙሉ የሚያርስ ደም ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ከያዘ ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣ አንድ ደቂቃም መጠበቅ አያስፈልግም። እንዲህ ያለችን ሴት እቤት የሚያስቀራት የፖሊስ ፍርሃት ከሆነ፣ ሕጉ ከሚከላከለው ሕይወት ይልቅ የሚያጠፋው ይበልጣል።

የሃይማኖቱን ወገን ቸል ማለት አይገባም። ዋግ የኦርቶዶክስ ምድር ነው፤ ብዙዋ ሴት ከነርሷ በፊት የምታማክረው የንስሐ አባቷን ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ፅንስን ሕይወት ትላለች። ይህን እምነት የያዘ ሰው ክፉ አይደለም፤ ስለ ሕፃኑ ይጨነቃል። ነገር ግን ንስሐ አባት ቀኖና ይሰጣል እንጂ ወህኒ አይሰድም። ኃጢአት ነው ብሎ ማስተማርና ደም የሚፈሳትን ሴት ለመርማሪ አሳልፎ መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ1949 እስከ 1997 ዓ.ም. ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሕጉ አጥብቆ ይቀጣ ነበር፤ ሴቶቹ ማቋረጥ አልተዉም፣ ሞቱ እንጂ። ለፅንስ የሚያስብ ሰው ዓይኑን ሌላ ቦታ ማድረግ ይችላል፦ በሕግ የተከለከለው ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ መጠለፏ፣ ጤና ኬላ ላይ የክንድ መከላከያ ማለቁ። የአማራ ክልል ሴት ልጅ የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜ ከአገሪቱ ዝቅተኞች አንዱ ነው፤ ያለፍላጎት እርግዝናው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ሩዋንዳ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ 367 በፅንስ ማቋረጥና ተያያዥ ወንጀሎች የታሰሩ ሴቶችንና ልጃገረዶችን ፈታች። ይቅርታው መልካም ነው፤ ግን ይቅርታ የሚመጣው ወህኒ ከወረዱ በኋላ ነው። በእንግሊዝ በ2023 እ.ኤ.አ. ኪኒን በፖስታ አስመጥታ እርግዝናዋ ከገፋ በኋላ የወሰደች እናት በ1861 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ታሰረች፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በወሩ ፈታት። የአገሪቱ እንደራሴዎች በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ሴቲቱን ከወንጀል ለማውጣት 379 ለ137 ድምፅ ሰጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያው ማቋረጥ ከወንጀል ሕግ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ይመክራል። ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የአፍሪካ ሴቶች መብት ሰነድ፣ የማፑቶው ፕሮቶኮል ነው፤ ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች። የአፍሪካ ሰብአዊና ሕዝቦች መብት ኮሚሽን በ2014 እ.ኤ.አ. በሰጠው ማብራሪያ ሴቶች የሚገባቸውን የፅንስ ማቋረጥና ከዚያ በኋላ ያለ ሕክምና በማግኘታቸው መከሰስ እንደሌለባቸው ገልጿል።

እኔ የምለው ይህ ነው። አንቀጽ 546 ንዑስ አንቀጽ 1 እና አንቀጽ 547 ንዑስ አንቀጽ 3 ሴቲቱን የሚቀጡበት ክፍል መውጣት አለበት። ያለፈቃዷ የሚያስወርዳትን፣ ሻይ ውስጥ ኪኒን የሚጨምርባትን ባል፣ ለገንዘብ ብሎ በቆሻሻ መሣሪያ የሚነካትን ሰው የሚቀጣው ድንጋጌ ይቆይ፤ እነሱን ማንም አይከላከልም። ሕግ ማሻሻል ጊዜ ይወስዳል፤ ለዛሬ ግን ፓርላማ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። የክልሉ ፍትሕ ቢሮ ለዐቃቤያነ ሕጉ በጽሑፍ እንዲህ ያለ ክስ የሕዝብ ጥቅም እንደሌለው ማስታወቅ ይችላል፤ የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲው ለዚህ ቦታ ይሰጣል። ጤና ቢሮው ደግሞ ስለ ምስጢር የሚናገረውን አንቀጽ 399 በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና አዘጋጅቶ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ፣ ታካሚዋም ልታየው በምትችልበት ቦታ፣ መለጠፍ ይችላል። የተያዘች ሴት ካለችም ቃሏን ከመስጠቷ በፊት በምትረዳው ቋንቋ ዝም የማለት መብቷ ሊነገራት፣ ተከስሳ ለጠበቃ መክፈል ካልቻለችና ፍትሕ የሚጓደልባት ከሆነም መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምላት ሕገ መንግሥቱ ያስገድዳል። በተለይ የመጀመሪያው፣ ዝም የማለቱ፣ ወሳኝ ነው፤ ከላይ እንዳልኩት ክሱ የሚቆመው በአፏ ነውና።

ይህን ሁሉ የሚያጣድፈው የመድኃኒቱ አቅርቦት ነው። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ፅንስ ማቋረጥን የሚደግፉ የውጭ ድርጅቶችን ከእርዳታ የሚያግደውን ደንብ እንደገና አጸና፤ በዚያው ዓመት የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። በእኛ አገር ጤና ጣቢያዎች የወሊድ መከላከያና የእናቶች ጤና መድኃኒት ላይ የውጭ ገንዘብ ድርሻ ትልቅ ነው። ኪኒኑ ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ሲያልቅ ሴቲቱ ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከዚያም ወደ ሱቅና ወደ ደላላ ትሄዳለች። ሕጉ ሳይለወጥ፣ ሴቷም ሳትለወጥ፣ በሕጉ ቃል የወንጀለኞቹ ቁጥር በየወሩ ይጨምራል፤ የመጀመሪያውም ጭማሪ የሚታየው ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ሰቆጣና በገደሉ ማዶ ባሉት ወረዳዎች ነው።